ከጆሮዬ ሥር ያወጣችሁትን የት ጣላችሁት?

ደሴ ፒያሳ ላይ መቀስ የያዝኩት በ1984 ዓ.ም. ነው። ደንበኛ መስታወቱን ያያል፤ እኔ ማጅራቱን አያለሁ። ጠባሳውን፣ ሽበቱ የጀመረበትን ቦታ፣ አንገቱ ሥር የተደረደረውን ንፍፊት ከባለቤቱ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። የራሴን ጉድ ግን ያየሁት ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ጺሜን ስላጭ ምላጩ ከግራ ጆሮዬ ሥር አንዲት ጉብታ ላይ ወጥቶ ወረደ። ሴቶች ጉትቻ ከሚያንጠለጥሉበት ሥጋ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የሽንብራ ፍሬ ታክላለች። ስነካት ትንሸራተታለች። አታምም፣ አትቀላም፣ አታተኩስም። ወንበር ላይ ለነበረው ደንበኛ አሳየሁት፤ በጣቱ ጫን ጫን አደረጋትና "አብሽር" አለኝ። ማታ ለባለቤቴ አሳየኋት፤ "አብሽር፣ ጥርስህ ይሆናል የሚያሳብጥህ" አለችኝ።

ወሎ ውስጥ አብሽር የማይባል ሰው የለም። ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ልጁ ዓረብ አገር ለቀረበትም ይባላል። ቃሉን እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው ያቆመ ቃል ነው። ነገር ግን አብሽር ምርመራ አይደለም። እኔ በአብሽር አምስት ዓመት ኖርኩ። ሽንብራዋ ባቄላ አከለች፤ ባቄላዋ የእርግብ እንቁላል ሆነች።

ደሴ ደግሞ ለመደበቅ ትመቻለች። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ስላለ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ የሚውልን ሰው ማንም ምን ሆንክ አይለውም። ኮምቦልቻ እንዲህ አይደለችም። መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር ባይበልጥም የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ከፍታው ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ሲደርሱ ኮትም ፎጣም ጠላት ይሆናሉ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ የወረድኩ ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ሲጠናብኝ ፎጣዬን አወለቅሁ። እህቴ ሳህን ይዛ ስታልፍ ቆም አለች። "አንተ ልጅ፣ ይኼ ምንድን ነው? ጆሮህን እኮ ሽቅብ አንስቶታል!" አለች። ሽማግሌ በተሰበሰበበት ነው የጮኸችው። ታላቄ ናትና አልመለስኩላትም። በማግስቱ ግን ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ።

የሄድኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ስሙ ይቅር። ሰውየው በሁለት ጣቱ ዳሰሳትና "ስብ ናት፣ ግማሽ ሰዓት አትፈጅም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልፈጀችም። ማደንዘዣ ወጋኝ፣ ቆዳዬን ሰነጠቀ፣ አተር ከልጡ እንደሚፈለቀቅ ፈልቅቆ አወጣት። በመቆንጠጫው ይዞ አሳየኝ። ነጣ ያለች፣ የምታብለጨልጭ፣ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለች ድቡልቡል ነገር ናት። "ይኸውልህ ጠላትህ" አለኝና እግሩ ሥር ካለው ቅርጫት ውስጥ ጣላት። ጠፕ የሚለው ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል።

ያን ቀን ግን ምንም አልቀፈፈኝም። ከፍዬ፣ አመስግኜ፣ ፕላስተሬን ለጥፌ ወጣሁ። ይባስ ብዬ ሁለት ደንበኞቼን ወደዚያው ሰውዬ ልኬያለሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ግማሹ በእሱ ላይ፣ ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ጠባሳው ሥር እጄ ገባ። አሁን አንዲት አልነበረችም። ሦስት፣ አራት፣ ምናልባት አምስት ትንንሽ ፍሬዎች፣ ጎን ለጎን፣ ምስር እንደተዘራ። በዚህ ጊዜ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ጠባሳዬን አይቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ "ያኔ የወጣው ውጤት የታለ?" የሚል ነበር።

"ምን ውጤት?"

"የእጢው። የፓቶሎጂ ወረቀቱ።"

ቅርጫቱ ትዝ አለኝ።

ያ ልጅ እንደ ክሊኒኩ ሰውዬ አልቸኮለም። ቢላዋም አላነሳም። መጀመሪያ በቀጭን መርፌ ናሙና እንዲወሰድ አዘዘ። መርፌው ደም ለመስጠት ከሚገባው መርፌ ይቀጥናል፣ ሥራው ደቂቃዎች ነው፣ ሕመሙም እኔ ሰው ጺም ስላጭ ከማደርሰው ጭረት አይብስም። ውጤቱ መጣ፦ ካንሰር አይደለም፣ የምራቅ እጢ ዕባጭ ነው፣ ተመልሶ የበቀለ ነው፣ አዲስ አበባ ሂድ። ወረፋ ስጠብቅ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደረሰ። የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከተሰደድኩበት ስመለስ ፀጉር ቤቴ ተዘርፎ መስታወቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፎ ነበር። የእኔ ፍሬዎች በዚያ ሁሉ መሐል ማንንም ሳይጠይቁ ማደጋቸውን ቀጠሉ።

አዲስ አበባ ያገኘሁት የአንገት በላይ ሐኪም ሥዕል አልሣለልኝም። የመዳፉን ተረከዝ ከጆሮዬ ሥር አሳርፎ ጣቶቹን ፊቴ ላይ ዘረጋቸው። አንዱ ጣት ወደ ግንባሬ፣ አንዱ ወደ ዓይኔ፣ አንዱ ወደ ጉንጬ፣ አንዱ ወደ አገጬ፣ የመጨረሻው ወደ አንገቴ። "የፊትህ ነርቭ እንዲህ ነው" አለኝ። "ከጆሮህ ሥር አንድ ሆኖ ይወጣና አምስት ይሆናል። የሚያልፈው ደግሞ በምራቅ እጢህ መሐል ነው። ዓይንህን የምትጨፍነው፣ የምትስቀው፣ ፉጨት የምታፏጨው በእሱ ነው።" አንባቢዬ እጅህን እዚያው አሳርፈህ ሞክረው። ያ የክሊኒክ ሰውዬ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቢላዋውን ያስገባው እነዚህ ጣቶች መሐል ነበር። ያኔ ፊቴ ያልጠመመው በዕድል ብቻ ነው።

ወደ ኋላ ሳስበው ከቢላዋው በፊት ያሳሳቱን ቃላት ይመስሉኛል። አማርኛችን ለዚህ በሽታ ስም አላበጀለትም፣ ወይም ሲያበጅለት አደባልቆታል። እጢ ስንል ምራቅ የሚያመነጨውን ጤነኛ አካል ማለታችን ነው፤ እዚያ ላይ የበቀለውን ባዕድ ነገርም እጢ እንለዋለን። ነቀርሳ ስንል ሳንባ የሚበላውን ቲቢ ማለታችን ነው፤ ካንሰሩንም ነቀርሳ እንለዋለን። ከጆሮ ሥር ያበጠ ነገር ሁሉ ደግሞ ጆሮ ደግፍ ነው። ልጅ ሆኜ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ያውቃል፤ እናቴ ቅቤ ቀብታ በነጠላ ጠምጥማኝ ሳምንት ተኛሁ፤ ሁለቱም ጉንጮቼ አብጠው፣ አተኩሶኝ፣ ማኘክ አቅቶኝ። ያ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ያማል፣ ያተኩሳል፣ በሳምንት በአሥር ቀን ይሄዳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚለው ተረታችን ራሱ የሚመጣና የሚሄድ መከራን ነው የሚያስበው። የእኔዋ ግን የማያመው፣ የማያተኩሰው፣ የማይሄደው ዓይነት ናት። ስም ስላልነበራት ንፍፊት፣ ጥርስ፣ ስብ እያልን የሌላ ሰው ስም አዋስናት።

እኛ አገር በአንገት እጢ የሚመጣ ቲቢ ብዙ መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ፀጉር ቤቴ ውስጥ በየዓመቱ አንድ ሁለት አያለሁ፤ ስድስት ወር መድኃኒት ውጠው ይድናሉ፣ ደስ ይለኛል። ችግሩ ሳይመረመር በግምት የስድስት ወር መድኃኒት የሚውጠው ነው። ያለበት የምራቅ እጢ ዕባጭ ከሆነ መድኃኒቱን ጨርሶም ዕባጩ እዚያው ነው። ምግብ ሲያኝኩ ብቻ የሚያብጥና የሚያም፣ ቆይቶ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ የምራቅ መውረጃው ላይ ጠጠር ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ የሚለያቸው መርፌና አልትራሳውንድ እንጂ የእኔ ጣት ወይም የክሊኒኩ ሰውዬ ጣት አይደለም።

አሁን የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ሐኪሞቹ ደጋግመው ስላስረዱኝ እንደ ጸሎት ሸምድጄዋለሁ። ትላልቅ የምራቅ እጢዎቻችን ሦስት ጥንድ ናቸው፦ ከጆሮ ሥር፣ ከመንጋጋ ሥር፣ ከምላስ ሥር። ከነሱ ሌላ ከንፈርና ላንቃ ላይ የተበተኑ ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅን አሉ። አንድ ላይ ሆነው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫሉ። ዕባጭ የሚበዛው ከጆሮ ሥር ባለው ላይ ነው፤ እዚያ ከሚወጡት አሥር ዕባጮች ስምንቱ ያህል ካንሰር አይደሉም። ከመንጋጋ ሥር ከሆነ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ምላስ ሥር የሚወጣው ግን አብዛኛው ክፉ ነው። እጢው ባነሰ ቁጥር ፍርሃቱ ይጨምራል ማለት ነው፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ትልቅ ዕባጭ ብቻ የሚያስፈራ ይመስለኝ ነበር።

የእኔዋ ፕሌዮሞርፊክ አዴኖማ ትባላለች። ብዙ መልክ ያላት ማለት ነው፤ ግማሿ እጢ ይመስላል፣ ግማሿ ቅርጭጭት። ከሁሉም የምትበዛውም እሷ ናት። ተንኮሏ ሽፋኗ ላይ ነው። ከላይ ስትታይ እንደ እንቁላል በልባስ የተሸፈነች ትመስላለች፤ ልባሱ ግን ሳስቶ የተበጣጠሰ ነው፣ ከሱም ውጪ ጣት ጣት የመሰሉ ጥቃቅን ቅጥያዎች ታወጣለች። ፈልቅቀው ሲያወጧት ቅጥያዎቹ ተቆርጠው ይቀራሉ፣ ልባሷም ከፈነዳ ዘሯ ይበተናል። እንዲህ ተፈልቅቃ የወጣች ከ20 እስከ 45 በመቶ ድረስ ተመልሳ ትበቅላለች። ዙሪያዋን ካለው ጤነኛ እጢ ጋር፣ ነርቩን እየገለጡና እየጠበቁ በወግ ሲያወጧት ግን ተመልሳ የምትመጣው ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ትታችኋትም አትተኛም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ካንሰር የምትለወጠው ከመቶ አንድ ሁለት ቢሆን ነው፣ ከ15 ዓመት በላይ ከተቀመጠች ግን ወደ አሥር በመቶ ይጠጋል። ድንገት ማደግ ከጀመረች፣ ካመመች፣ ከሥሯ ጋር ተጣብቃ አልንቀሳቀስ ካለች፣ ወይም አንደኛው የፊት ጎን ከዛለ አንድ ቀንም አይጠበቅም።

ታዲያ ስለ እኔ ቀዶ ሕክምና። አምስት ሰዓት ፈጀ። ያ የመጀመሪያው ሰውዬ የነካካው ቦታ ጠባሳ ሆኖ ነርቩ ከጠባሳው ጋር ተያይዞ ስለነበር ሐኪሙ ክር ከጥልፍ እንደሚፈታ ሰው ሠራ። አራቱ የነርቭ ጣቶች ደኅና ናቸው። ወደ አገጭ የሚወርደው አልዳነም፤ ስስቅ የግራ ከንፈሬ ጥግ አይከተለኝም። አዲስ ደንበኛ ስቄ ስቀበለው የተቆጣሁት እየመሰለው ዝም ይላል።

ሌላም ነገር መጣብኝ፣ ይኼኛው ያስቃል። በርበሬ ያለበት ወጥ ስበላ የግራ ጉንጬ ብቻ ያልበዋል። ለምራቅ የተላከው ትንሽዬ ነርቭ መንገዱ ሲቆረጥበት ሄዶ ከላብ እጢ ጋር ይጋጠማል፤ ምላስ ምግብ ሲቀምስ ቆዳ ያልበዋል። የፍሬይ በሽታ ይሉታል። ሉትስያ ፍሬይ የምትባል የፖላንድ ሐኪም ናት በ1923 እ.ኤ.አ. በደንብ የገለጸችው። አይሁዳዊት ነበረችና ናዚዎች አይሁዶችን ካጎሩበት የሎቮፍ ከተማ ሰፈር በሕይወት አልወጣችም። ዶሮ ወጥ በቀረበልኝ ቁጥር ጉንጬን እየጠረግሁ አስባታለሁ፤ ደሴ ውስጥ እሷን የሚያስብ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት አንድ የድሮ የአሰብ መስመር ሹፌር ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው ሰባ ያልፋል፣ ኮምቦልቻ ነው ቤታቸው፣ ሲጋራ ከእጃቸው አይለይም። በሁለቱም ጆሮዎቻቸው ሥር ለስለስ ያለ እብጠት አለ። "ጋሼ፣ ይኼን ይታዩት" አልኳቸው። "አብሽር የኔ ልጅ፣ እርጅና ነው" አሉኝ። እኔም ቶንዶሴን አጥፍቼ ጠባሳዬን አሳየኋቸው፣ ስቄም ከንፈሬን አሳየኋቸው። ሄዱ፣ መርፌ ተወጉ፣ ውጤቱ የዋርቲን ዕባጭ የሚል ሆነ። ይኼ በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ በጻፈ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት ስም የሚጠራ፣ አጫሾች ላይ የሚበዛ፣ ወደ ካንሰር እምብዛም የማይለወጥ ዓይነት ነው። ሐኪሙ ሲጋራዎን ይተዉ፣ እጢውን ግን እየተከታተልን እንተወዋለን አላቸው። ቢላዋ ያልነካቸው መርፌ ስለነካቸው ነው። ሲጋራውን አልተዉም።

የክሊኒክ ሰዎች መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ አንዱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነግሮኛል። "ከከላላ፣ ከወረባቦ የመጣ ገበሬ አዲስ አበባ ሂድ ብለው ይሄድልኛል? ትቼው ከሚሄድ ባወጣለት አይሻልም?" አለኝ። ሐሳቡን አልንቀውም። አራት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ አስታማሚ፣ ወረፋ፤ እኔ ራሴ በሬ እንደሸጠ ሰው ሆኜ ነው የተመለስኩት። ፕሮጀክት ሐረር የሚባለው ድርጅት ከገጠር እያመጣ የሚያሳክማቸውን፣ ፊታቸው ላይ ትልልቅ ነገር ይዘው ዓመታት የተደበቁ ሰዎች ያየ፣ ድህነትና ርቀት ምን እንደሚሠሩ ያውቃል። ግን ሰውየው ባይሄድ ሥጋው ይሂድ። መርፌ የቀዳው ናሙና በመስታወት ስላይድ ላይ ተቀብቶ ይሄዳል። የተቆረጠው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይሄዳል። ጠርሙስ አልጋ አይከራይም፣ እራት አይበላም፣ አስታማሚ አያስፈልገውም። እኔን ያ ሰውዬ ያን ቀን ጠርሙስ ውስጥ ቢያስገባኝ ኖሮ ስሟ ይታወቅ ነበር፣ ትመለሳለች ተጠንቀቅ እባል ነበር፣ አምስት ከመሆኗ በፊት እደርስባት ነበር።

ገንዘቡም ቢሆን መንገድ የለውም አይባልም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ወረዳ ጎረቤታችን ተሁለደሬ ነበረች፤ እዚያው ሐይቅ ከተማ ያሉ ዘመዶቼ የመድህኑን ደብተር ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። መድህኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው ነው። መንገዱን አቋርጦ በግል ክሊኒክ በግማሽ ሰዓት የሚያስቆርጥ ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከፊቱ ላይ ነው የሚቆረጠው።

ለጤና ቢሮዎች አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ኤች አይ ቪ በተነሳ ጊዜ እኛን ፀጉር አስተካካዮችን ሰብስባችሁ ምላጭ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነ አስተምራችሁናል፤ ሰምተናል፣ እስከ ዛሬም እንሠራበታለን። አሁንም ግማሽ ቀን ጥሩን። ከደሴ ሸዋ በር እስከ ኮምቦልቻ በየመንገዱ ዳር ያለነው ሰዎች የአገሩን ማጅራት ሁሉ እናያለን። የሹሩባ ቤት ሴቶችማ ከእኛ ይበልጣሉ፤ ሻሽ ሥር ያለውን እነሱ ብቻ ናቸው የሚያዩት። በሽታ እንድንናገር አትጠይቁን፣ "ታየው" እንድንል ብቻ አስተምሩን።

ክሊኒክ ለከፈታችሁ ደግሞ ይኼን እለምናችኋለሁ። አንድ ክዳን ያለው ጠርሙስ ግዙ። አሥር በመቶ ፎርማሊን አድርጉበት፣ ከሥጋው አሥር እጥፍ የሚሆን። የሰውየውን ስም፣ የቆረጣችሁበትን ጎንና ቀኑን ፕላስተር ላይ ጻፉና ለጥፉበት፣ ከዚያ ፓቶሎጂስት ወዳለበት ላኩት፣ ውጤቱንም ለባለቤቱ በእጁ ስጡት። ይኼን ማድረግ ካልቻላችሁ ከጆሮ ሥር ያለ ነገር አትቁረጡ።